ስትሮጡ ልባችሁ በደቂቃ ስንት ሊትር ይረጫል? (ጥያቄና መልስ)

በጤና ኮሌጅ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እሮጣለሁ። ስፖርት ስንሠራ ልብ ስለሚረጨው ደም ጠይቁኝ ብዬ ከመጡት ጥያቄዎች የቻልኳቸውን እነሆ። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሥሩ እንጀምር። ልብ በደቂቃ ምን ያህል ደም ይረጫል?

መልስ፦ ቁጭ ባልክበት 5 ሊትር ገደማ። በአንድ ምት የሚወጣው 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ በለው። በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ ባለ 5 ሊትሯ የዘይት ጀሪካን ሞላች ማለት ነው። ስፖርት የማያዘወትር ጤነኛ ወጣት ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ ግን 20 ሊትር ይደርሳል፤ ውሃ የምንቀዳበት ቢጫው ጀሪካን መሆኑ ነው። በሰውነታችን ያለው ደም ራሱ 5 ሊትር አካባቢ ስለሆነ፣ ያው ደም በደቂቃ 4 ጊዜ ይዞራል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የታላላቆቹ ሯጮች ልብ ከእኛ ፈጥኖ ይመታል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የልብ ምት ጣሪያ የሚወርደው በዕድሜ ነው። “220 ሲቀነስ ዕድሜ” የሚባለው ግምት ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ10 በላይ ሊስት ይችላል። ልምምድ ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም። ልዩነቱ ያለው ሲኒው ላይ ነው። ለዓመታት የሠለጠነ ሯጭ የግራ ልቡ ክፍል ይሰፋል፣ የደሙም መጠን ይጨምራል። ሲሮጥ በአንድ ምት 150፣ አንዳንዱም እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይረጫል፤ ሲኒው የሻይ ብርጭቆ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጭ ሲል ያችኑ 5 ሊትር ለማድረስ ከ40 እስከ 50 ምት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በእጅ ሰዓታችን ቁጥር እንፎካከራለን። የኔ ቁጭ ብዬ 48 ነው፤ ሯጭ ግን አይደለሁም። ልኩራ?

መልስ፦ ገና ነው። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚባሉትን የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ምቱ ይቀንሳል፤ የልብ የኤሌክትሪክ መስመር ችግርም ያዘገየዋል። የሚያዞርህ ወይም የሚያደክምህ ከሆነ ሄደህ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳ።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ተጨማሪ ደም ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስወደው! ልብ የሚሰጠው የተመለሰለትን ነው። ቁጭ ስንል ከደማችን ከግማሽ በላዩ በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ተኝቷል። መሮጥ ስትጀምር ባትህ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨምቀዋል፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክዳኖች ወደ ኋላ አያሳልፉትም፤ በጥልቅ መተንፈስህም ወደ ደረት ይስበዋል። ልብ ደግሞ በደም በተወጠረ ቁጥር እንደ ላስቲክ አጥብቆ ይመልሳል። በዚያ ላይ ሰውነት ድልድሉን ይቀይራል፦ እረፍት ላይ ከአምስት አንድ እጅ የሚደርሰው ጡንቻ፣ በከባድ ሩጫ ከ80 በመቶ በላይ ይወስዳል። አንጀትና ኩላሊት ይቀነስባቸዋል። ክትፎ በልተህ አትሩጥ የምለው ለዚህ ነው።

ባትህ ሥራ ሲያቆም ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ቀን ዳገት ሮጬ እንደጨረስኩ ቀጥ ብዬ ቆሜ ስልኬን ሳይ፣ ዓይኔ ጨልሞ አጥር ይዤ ነው የተረፍኩት። የእግሬ ሥሮች እንደሰፉ ናቸው፤ የሚጨምቃቸው ጠፋ፤ ደሙ እታች ቀረ፤ ልቤም ወደ ጭንቅላት የሚልከው አነሰው። ስትጨርስ 5 ደቂቃ ያህል ተራመድ።

ጥያቄ፦ በጾም ቀን ውሃም ሳልቀምስ እሮጣለሁ። በወትሮው ፍጥነት ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ውሃው ይመስለኛል፣ እህቴ። ውሃ ሲጎድል የደሙም ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ሲኒው ሳይሞላ ይረጫል፤ ልብ የጎደለውን በምት ብዛት ያካክሳል። ፀሐይ ሲጨመርበት ቆዳም ለማቀዝቀዝ ደም ይሻማል። ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ ወይም ሩጫውን ወደ መመገቢያ ሰዓትሽ አስጠጊው። ደረትሽን ካመመሽ ግን የጾም ጉዳይ ነው ብለሽ አትለፊው።

ጥያቄ፦ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነስቼ “ኢጄክሽን ፍራክሽን 60 በመቶ” ይላል። 40 በመቶው የልቤ ክፍል አይሠራም?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ቁጥሩ የሚነግርህ ልብህ ውስጥ ከሞላው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶው እንደሚረጭ ነው፤ ጤነኛ ልብም በአንድ ምት ሙልጭ ብሎ አይራገፍም። ከ55 እስከ 70 በመቶ ደህና ነው። ስትሮጥ ትንሽ ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ ታይፎይድ 3 ሳምንት አስተኝቶኝ አሁን ፎቅ መውጣት አቃተኝ።

መልስ፦ አይግረምህ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳላስ ውስጥ 5 ጤነኛ ወጣቶችን 3 ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው ከሩብ በላይ ወረደ፤ በአንድ ምት የሚረጩትም ደም ቀነሰ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ሲለኳቸው፣ እርጅናው የቀነሰባቸው ከ3 ሳምንቱ አልጋ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ በልምምድ ይመለሳል፤ በእግር ጉዞ ጀምር።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ የቶንሲል መዘዝ የልቧን ቫልቭ (ደም ከሳንባ መጥቶ ወደ ግራ ልብ የሚያልፍበትን በር) አጥብቦታል። የስፖርት መምህሯ “ስትሮጥ ልቧ ይጠነክራል” ይላል።

መልስ፦ እስካሁን ያልኩት ሁሉ እዚህ ላይ አይሠራም። ልብ በፈጠነ ቁጥር የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል። በጠበበ ቫልቭ ደም ለማለፍ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ስትሮጥ ሲኒው ባዶ ይቀራል፤ ያላለፈው ደም ወደ ሳንባ ይመለስና ትንፋሽ ያሳጥራታል። ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደምትችል የሚወስነው ኢኮዋን ያየው ሐኪም ነው፤ የቶንሲሉ መዘዝ እንዳያገረሽ የምትወጋው የፔኒሲሊን መርፌም ቀኑ አይለፍባት። ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍልሽና ለመምህሯ ራስሽ ይዘሽለት ሂጂ።