ኳስ ይዞ እኔን ያያል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ዕድሜዬ 34 ነው። ከኳስ ሌላ ሥራ አላውቅም። በመሀል ተከላካይነት ፕሪሚየር ሊግም ከእሱ በታች ያለው ከፍተኛ ሊግም ተጫውቻለሁ፤ አምበልም ሆኛለሁ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። ጠዋት ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነው።

ክለቤ ውሌን አያድስም። በምትኩ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑን አሰልጥንልን ብሎኛል። ደሞዙ ስጫወት ከማገኘው ሩቡን አይሞላም። አንድ የከፍተኛ ሊግ ቡድን ደግሞ ለአንድ ዓመት እንድፈርም ይፈልጋል። ባለቤቴ "ጉልበትህን ጨርሰህ ልጆችህን በምን ታሳድጋለህ?" ትላለች። ጓደኞቼ ግን "ስም ያለህ ሰው ነህ፣ ዋና ቡድን እስኪመጣልህ ጠብቅ፤ ከሕፃናት ጋር ምን ትሠራለህ?" ይሉኛል።

ሌላም አለ። በቅርቡ ታዳጊዎቹን አንድ ቀን አሠራኋቸው። እንደለመድኩት ከዳር ሆኜ "ዝጋ! ውጣ! ሰው አለብህ!" እያልኩ ጮህኩ። አንዱ የመስመር ተጫዋች ኳስ እግሩ ሥር ይዞ ቀና አለና እኔን አየኝ። አጠገቡ ነፃ ሰው ነበር። እስኪቀሙት ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ተከላካይ የነበረ ሰው ለማሰልጠን አይሆንም ማለት ነው?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከክልል ከተማ

———

ወንድሜ፣

ግድግዳ ይዞ ደረጃ የሚወርድ ሰው ለሌላ ዓመት መፈረም የለበትም። ባለቤትህ ልክ ናት። ጉልበትህን ለሐኪም አሳይና ታዳጊ ቡድኑን ተቀበል።

ጓደኞችህ ለአንተ አስበው እንደሚናገሩ አልጠራጠርም። ግን የሴኔጋሉን አሊዩ ሲሴን ያስቡት። ተከላካይም ተከላካይ አማካይም ሆኖ ፓሪ ሳን ዠርማንና በርሚንግሃም ሲቲን በመሳሰሉ ክለቦች ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳይን አሸንፎ ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የደረሰው ቡድን አምበል ነበር። በስም ከሆነ ከዚህ በላይ ምን ስም አለ? እሱ ግን ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ከ23 ዓመት በታች ቡድን ነው የያዘው። ዋናውን ብሔራዊ ቡድን የተረከበው በ2015 ነው።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለጥያቄህ ዋናው መልስ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያው በ2002 መጀመሪያ ላይ ባማኮ ውስጥ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር፤ ሴኔጋል ከካሜሩን። ያለ ግብ አለቀና ወደ መለያ ምት ሄዱ። የሴኔጋልን የመጨረሻ ምት የመታው አምበሉ ሲሴ ነበር። አልገባለትም። ዋንጫውን ካሜሩን ወሰደች። በ2019 አሰልጣኝ ሆኖ እንደገና ፍጻሜ ደረሰ፤ ካይሮ ላይ በአልጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ቀጥሎ የመጣው የእኛ ዋልያዎችም የተካፈሉበት የካሜሩኑ ውድድር ነው። በ2022 መጀመሪያ ላይ ያውንዴ ውስጥ ከግብጽ ጋር ፍጻሜ ሲጫወቱ ሳዲዮ ማኔ ገና በሰባተኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ጨዋታው መለያ ምት ደረሰ። ዋንጫውን የሚወስነውን ምት ሊመታ የቀረበውም ያው ማኔ ነበር። አገባው። ሴኔጋል በታሪኳ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ አነሳች።

ያኔም አሰልጣኙ ሲሴ ነበር፤ ማኔ ሳተ ብሎ ግን አልሸሸገውም። አንተ የጎደለህ ይህ ነው። ተከላካይ መሆንህ አይደለም ችግሩ። ተከላካይ ዕድሜውን ሙሉ ስህተት እንዳይፈጠር ሲጠብቅ ይኖራል፤ አንዲት ስህተት ግብ ናትና። አጥቂ አምስት ጊዜ ስቶ ስድስተኛውን ካገባ ይዘፈንለታል። አንተ ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ ጥሩ ሆነህ በመጨረሻዋ ከተሳሳትክ የሚወራው እሷ ብቻ ናት። ያ ልማድ ጥሩ ተጫዋች አድርጎሃል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ስታመጣው ግን ልጁ ሜዳውን ትቶ አንተን ያያል። ልጅ ሳይሳሳት አይማርም።

እንዲህ ሞክር። አራት ለአራት አጫውታቸውና የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ዝም በል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን አፍህን ያዝ። ከዚያ አስቁምና ኳስ የተቀማውን ልጅ "ለምን?" ሳይሆን "ምን አየህ?" ብለህ ጠይቀው። መልሱን እስኪጨርስ ስማው። ነፃው ሰው የት እንደነበር ራሱ ይነግርሃል።

ያለህን ደግሞ አትናቀው። አጥቂ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ነው ኳስ የሚቀበለው፤ መሀል ተከላካይ ግን ሜዳው በሙሉ ከፊቱ ነው። የመስመር ተጫዋች ምን ሲያደርግብህ ትጠላ እንደነበር ታውቃለህ። ኳሱን ቆሞ ሲጠብቅ ደስ ይልህ ነበር፤ እየሮጠ በመጀመሪያው ንክኪ ወደ ውስጥ ሲገባብህ ግን እግርህ ይታሰር ነበር። ይህን ለልጁ ከአንተ የተሻለ የሚነግረው ሰው የለም። የሞሮኮው ዋሊድ ሬግራጊም የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበር። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ላይ አሰልጣኝ ሆኖ የመራው ቡድን ግማሽ ፍጻሜ እስኪደርስ የገባበት ግብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የራሱ ተጫዋች ነው ያስቆጠረው። እሱም ቢሆን ከዚያ በፊት በረዳትነትና በክለብ ዓመታት ሠርቷል።

የገንዘቡ ነገር እውነተኛ ጭንቀት ነው፣ አላቃልለውም። ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ የአንድ ዓመት ወጪያችሁን በወረቀት አስሉ። ከክለቡ ጋር ስትነጋገር ደግሞ ደሞዙ ላይ ብቻ አትሟገት። ስም ብቻውን ዋና አሰልጣኝ አያደርግም፤ የካፍ፣ ማለትም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ይጠየቃል፤ እሱም ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው። ፌዴሬሽኑ ስልጠና ሲያወጣ ክለቡ ክፍያውን እንዲሸፍንልህ፣ በስልጠናው ቀናትም ደሞዝህ እንዳይቆረጥ ጠይቅ። እሺ ካሉህ በቃል አትቀበል፤ ውሉ ላይ አስጽፈው።