ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ እየሠራሁ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነኝ። ልብ ወለድ ጀምሬ ግማሽ ላይ ቆሜያለሁ። ማታ ቤት ስገባ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው። ጓደኛዬ «ደመወዝተኛ ሆኖ ትልቅ ደራሲ የሆነ የለም፤ ልቀቂው» ትለኛለች። ባለቤቴ የቤት ኪራዩን ያስታውሰኛል። ምን ይመክሩኛል?
ት.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ባለቤትሽ ልክ ነው። ጓደኛሽ ደግሞ ናጊብ ማህፉዝን አታውቀውም ማለት ነው።

ማህፉዝ ካይሮ ተወልዶ፣ ካይሮ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ያረፈ ግብፃዊ ነው። በ1988 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ሲያገኝ በዐረብኛ ከሚጽፉ ደራሲያን የመጀመሪያው ሆነ። ሽልማቱን እንኳ ራሱ ሄዶ አልተቀበለም፤ ሴት ልጆቹን ላከ። ይህ ሰው ከ1934 ጀምሮ እስከ 1971 ጡረታው ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የሃይማኖት ሀብቶችን በሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ሠርቷል፤ በኋላም የኪነ ጥበብ ሳንሱርን መርቷል። (ደራሲ ሳንሱር ሲመራ! እሱን ሌላ ቀን እንጫወተዋለን።) ሦስት ቅጽ ያለው ዝነኛው የካይሮ ልብ ወለድ በ1956 እና በ1957 ሲታተም ቢሮ ይገባ ነበር።

ፕሮግራሙን ራሱ ተናግሯል። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ 8 ቢሮ፣ ከ10 እስከ ምሽቱ 1 መጻፍ፣ ከ1 እስከ 4 ማንበብ። ከዓርብ በስተቀር በየቀኑ።

አሁን «ቢሮው በ8 ሰዓት ይዘጋለታላ!» እንደምትዪ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ያገባውም አርባ ካለፈው በኋላ ነው፤ ትዳር ጽሑፌን ያደናቅፍብኛል ብሎ ሲሸሽ ኖሮ። አንቺ 11 ሰዓት ተኩል ወጥተሽ የታክሲ ሰልፍ ይዘሽ፣ ከዚያ ወጥ ልትሠሪ ነው። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር ያለብሽ ስለ ደመወዝሽ ሳይሆን ስለ ወጡ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ እሱ ይሥራ። ቅዳሜ ጠዋትን ደግሞ ለራስሽ ያዢ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፈርሽ ነው፣ ወመዘክርም ከቢሮሽ ሩቅ አይደለም።

ሌላው ነገር፣ ማህፉዝ ከቢሮው የወሰደው ደመወዝ ብቻ አልነበረም። በ1975 የታተመ አንድ ልብ ወለዱ ሙሉ በሙሉ ስለ አንድ የቢሮ ጸሐፊ ነው። ሰውየው ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ዋና ዳይሬክተር ለመሆን ፍቅሩንም ዕድሜውንም ይገብራል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ተቀምጦ አይገኝም። እኔ መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ሲደጋገም እንዴት እንደሚለወጥ አይቻለሁ። መጀመሪያ «መብቴ ይከበርልኝ» ይላል። ቀጥሎ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ይመጣል። በመጨረሻ የልጆቹን ቁጥር ይጽፋል። አንቺም መስኮት ላይ የውሎ አበል ሊያወራርድ መጥቶ «ደረሰኙ ጠፋብኝ» እያለ የሚምለውን ሰው ታውቂዋለሽ። እሱን ጻፊልኝ እስቲ።

የሩቁን ካልፈለግሽ የራሳችን ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። ሚኒስትርም አምባሳደርም የነበሩ ሰው ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር።

መቆምሽም አያስደንግጥሽ። ማህፉዝ የካይሮውን መጽሐፍ ጨርሶ ካስቀመጠ በኋላ ለዓመታት ልብ ወለድ አልጻፈም፤ የፊልም ድርሰት ይሠራ ነበር። ተመልሶ ግን ጻፈ።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈሽ ከሆነ ቅደጂው። ያለቀ ምዕራፍ ካለሽ ለመጽሔቱ ቢሮ ላኪልኝ፣ አነባለሁ። ፊደሉን ብቻ ተለቅ አድርጊው፤ መነጽሬም ደክሟል።