ስለ ሳክዮ ኮማትሱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ባለፈው ስለ ጃፓን የሳይንስ ልብወለድ ሳወራ «ኮማትሱ ደግሞ ማነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ጃፓናዊ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ ነው። ዛሬ ማታ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ የመጣውን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ጥ፦ እስቲ ከሥሩ ጀምርልን። ሰውየው ሳይንቲስት ነበር?

መ፦ ኧረ ምኑም! በ1931 ኦሳካ ተወለደ፤ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያጠናው የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ ነው። ተማሪ ሳለ ለኪሱ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) እየሣለ ይሸጥ ነበር። ከዚያ የኢኮኖሚ መጽሔት ጋዜጠኛ ሆነ፣ የአባቱን ፋብሪካ ሊያቃና ሞከረ፣ ለሬዲዮ የቀልድ ጭውውት ጻፈ። ዕዳ አንገቱ ድረስ ነበር።

ጥ፦ ለሚስቱ ብሎ መጻፍ ጀመረ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የአድናቂ ወሬ?

መ፦ እውነት ነው። የሚስቱ ብቸኛ መዝናኛ ሬዲዮ ነበር፤ ሬዲዮው ደግሞ ከቤት ወጣ። ታዲያ ማታ ማታ የጻፈውን ጠዋት እንድታነበው ትቶላት ይሄድ ነበር። በጦርነት በፈራረሰ የኦሳካ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ተጥለው ብረት መብላት የጀመሩ ሰዎች ታሪክ ነው። በ1964 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈበት ዓመት ስለሆነ አልረሳውም።

ጥ፦ ጦርነቱ በጽሑፉ ላይ ይታያል?

መ፦ ሁሉም ከዚያ ነው የሚጀምረው። ጃፓን እጅ ስትሰጥ 14 ዓመቱ ነበር። ጦርነቱ ጥቂት ቢገፋ እሱንና እኩዮቹን ወደ ጦር ሜዳ ይነዷቸው ነበር። በ1961 ለውድድር የላካት «ሰላም በምድር» የምትባለው አጭር ታሪክ ይህችኑ ትጠይቃለች፦ ነሐሴ 1945 ጦርነቱ ባያበቃስ? አንድ ልጅ ጠመንጃ ይዞ በተራራ ሲንከራተት ታሳየናለች። እኔ ከትልልቆቹ መጻሕፍት ይልቅ ይህችን እወዳለሁ።

ጥ፦ ስለ «ጃፓን ሰመጠች» ንገረን። ያው የጥፋት ታሪክ አይደለም እንዴ?

መ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያነበው። ነገሩ ሌላ ነው። ኮማትሱ መጻፍ የጀመረው በ1964 ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1973። ዘጠኝ ዓመት! መነሻ ጥያቄው «ጃፓናውያን አገር የሌላቸው ሕዝብ ቢሆኑ ምን ይሆናሉ?» የሚል ነው። ያን ለመጠየቅ አገሩን ማጥፋት ነበረበት፤ አገር እንዴት ይጠፋል ብሎ ሲያስብ ያኔ ገና አዲስ የነበረውን የቴክቶኒክ ፕሌት (የምድር ቅርፊት የተሠራባቸው የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ንጣፎች) ጥናት አገኘ። ውድ የጠረጴዛ ካልኩሌተር ገዝቶ ስሌቱን ራሱ ሠራ።

ታሪኩ አንዲት ደሴት በአንድ ሌሊት ባሕር ውስጥ በመግባቷ ይጀምራል። ፕሮፌሰር ታዶኮሮና ኦኖዴራ የተባለው ነጂ በጥልቅ ባሕር ሰርጓጅ ጀልባ ወርደው ወለሉን ያያሉ። እኔን የያዘኝ ግን ባሕሩ ሳይሆን የስብሰባው ክፍል ነው። ሕዝቡ ምን ይሁን ተብለው የተጠየቁ ምሁራን ሦስት ሐሳብ ያቀርባሉ፦ ሌላ ቦታ አዲስ አገር መመሥረት፣ በየአገሩ ተበትኖ መቀላቀል፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም አለማድረግ፤ ከምድራቸው ጋር አብረው ቢያልፉ ይሻላል ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህን ሲሰማ እኔም መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ።

መጨረሻው ላይ «ክፍል አንድ ተፈጸመ» ይላል። የስደቱ ታሪክ ማለትም ዋናው ጉዳይ ገና አልተጻፈም ነበር! ክፍል ሁለት ከደራሲው ኮሹ ታኒ ጋር ሆኖ በ2006 ወጣ፤ ከ33 ዓመት በኋላ።

ጥ፦ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። እኛስ እንሰምጣለን?

መ፦ አይዞህ፣ በዚያ ፍጥነት ጃፓንም አትሰምጥም፤ ልብወለድ ነው። ደግሞ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ንጣፎች የሚራራቁበት ነው። ጃፓን አጠገብ ግን አንዱ ንጣፍ በሌላው ሥር ይገባል።

ጥ፦ በኮሮና ጊዜ ስሙን ሰምቼ ነበር።

መ፦ «የትንሣኤ ቀን» ነው፣ ይህም የ1964። ለጦርነት የተሠራ ተሕዋስ የጫነ አውሮፕላን አልፕስ ላይ ይወድቃል፤ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይንቀዋል፤ በጥቂት ወራት አንታርክቲካ ካሉት 10,000 ገደማ ሰዎች በቀር የሰው ዘር ያልቃል። ብርዱ ነው ያዳናቸው። በ1980 ፊልም ሆኗል።

ጥ፦ ከመጻፍ ሌላ ሥራ ነበረው?

መ፦ ኢትዮጵያም በተሳተፈችበት የ1970ው የኦሳካ ኤክስፖ፣ ሠዓሊው ታሮ ኦካሞቶ «የፀሐይ ግንብ»ን ሲያቆም ከሥሩ የነበረውን ትርኢት ካዘጋጁት አንዱ ኮማትሱ ነው።

ጥ፦ ምናባዊ ነገርስ፣ ጭራቅ ምናምን?

መ፦ «የኩዳን እናት» የምትል አስፈሪ አጭር ታሪክ አለችው። ኩዳን በጃፓን አፈ ታሪክ ግማሹ ሰው ግማሹ ላም የሆነ፣ መዓትን ተንብዮ የሚሞት ፍጡር ነው። ማታ ብቻችሁን አታንብቧት።

ጥ፦ እውነተኛው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ምን አለ?

መ፦ በጥር 1995 ኮቤ ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። የልጅነት አገሩ ያ አካባቢ ነው። ዓመት ሙሉ በማይኒቺ ጋዜጣ ላይ ምሁራንን እየጠየቀ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ በድብርት ሕመም ወደቀ። በመጋቢት 2011 ሱናሚው ሲመጣ በሕይወት ነበር። ሐምሌ ላይ በ80 ዓመቱ አረፈ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ከየትኛው ልጀምር?

መ፦ እንግሊዝኛ ካነበብሽ ከ«የትንሣኤ ቀን»። የ«ጃፓን ሰመጠች» የ1976 የእንግሊዝኛ ትርጉም ተቆራርጧል፤ ፊልሙን ደግሞ ቀድመሽ እንዳታዪ።