ማኅተም ከማሳረፍዎ በፊት፦ ስለ መሐንዲሶችና ጂኦሎጂስቶች የሙያ ሥነ ምግባር ጥያቄና መልስ

ከወጣት ባለሙያዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የብረት ሥራ ተቋራጩ ሾፕ ድሮዊንግ (ብረቱ የሚመረትበትንና የሚገጣጠምበትን ዝርዝር ንድፍ) አዘጋጅቶ እንዳጸድቅ ያቀርብልኛል። መገጣጠሚያው ላይ ስህተት ቢገኝ ተጠያቂው እሱ አይደለም?

መልስ፦ ካጸደቁት ተጠያቂው እርስዎም ነዎት። በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ በሐያት ሪጀንሲ ሆቴል ከጣሪያ ተንጠልጥለው የነበሩ ሁለት መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ከጣሪያው ተነሥቶ የላይኛውን መተላለፊያ አልፎ እስከ ታችኛው ይወርድ ነበር። ይህ ለብረት አምራቹ አስቸጋሪ በመሆኑ ዘንጉ በሁለት አጫጭር ዘንጎች ተተካና የታችኛው መተላለፊያ ከጣሪያው መንጠልጠሉ ቀርቶ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። ለውጡ በወረቀት ላይ ሲታይ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን የላይኛውን መተላለፊያ የያዘው ብሎን የሁለቱንም ክብደት እንዲሸከም ተፈርዶበታል። ንድፉ የአማካሪው መሐንዲስ ማኅተም ሲያርፍበት ያንን መገጣጠሚያ ያሰላ ሰው አልነበረም። መሐንዲሶቹ ጉዳዩ የአምራቹ ነው ብለው ቢከራከሩም የሚዙሪ ግዛት የሙያ ፈቃዳቸውን ነጥቋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የመጀመሪያው ንድፍም ቢሆን የከተማውን የሕንፃ ደንብ የማያሟላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከላይ ተነሥቶ መሠረት እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ራስዎ ተከታትለው ሳያሰሉ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ጉድጓድ ከማስቆፈር ይልቅ የአጎራባቹን ይዞታ የአፈር ምርመራ ውጤት «አስተካክለህ አቅርብ» ይለኛል።

መልስ፦ አያቅርቡ። እንደ አዲስ አበባው ጥቁር አፈር ያለ፣ ሲርስ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር ውፍረቱ በአጭር ርቀት ሊለያይ ይችላል። የጎረቤቱን ውጤት ምንጩን ጠቅሶ በተጨማሪ መረጃነት ማያያዝ ነውር የለበትም፤ ያልተቆፈረን ጉድጓድ ተቆፍሯል ብሎ መጻፍ ግን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው።

ጥያቄ፦ የማዕድን ፍለጋ ኩባንያችን ኮሩን (በቁፋሮ የሚወጣውን ዘንግ መሰል የድንጋይ ናሙና) በሙሉ ፈጭተን ወደ ላቦራቶሪ እንድንልክ ያዘናል። ግማሹ መቀመጥ የለበትም?

መልስ፦ በልማዱ አዎን። ኮሩ በመጋዝ ተሰንጥቆ ግማሹ በሳጥኑ የሚቀመጠው ነገ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲፈትሸው ነው። ብሪ-ኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ናሙናውን በሙሉ ይፈጭ ነበር፤ በ1997 ገለልተኛ ቁፋሮ ሲደረግ ወርቁ ከውጭ የተጨመረ መሆኑ ተጋለጠና በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የአክሲዮን ዋጋ ተነነ። እርግጥ ነው፣ የወርቁ ቅንጣት ትልልቅና ሥርጭቱ ያልተመጣጠነ ሲሆን ኮሩን በሙሉ መፍጨት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ኮሩም ከመፈጨቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል።

ጥያቄ፦ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቶቼ «ጂኦሎጂስት አይደለህ? ቤት እንደር ወይስ ውጭ?» ይሉኝ ነበር። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በጣሊያንዋ ላኩይላ ለወራት ትንንሽ ንዝረቶች ሲደጋገሙ ቆይተው፣ ማርች 31 ቀን 2009 የባለሙያዎች ጉባኤ ተጠራ። በዚያው ጊዜ የሲቪል ጥበቃው (የአገሪቱ የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት) ምክትል ኃላፊ፣ ንዝረቶቹ በመሬት ውስጥ የታመቀውን ጉልበት ስለሚያስወጡ ሁኔታው መልካም ነው የሚል ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው መግለጫ ለቴሌቪዥን ሰጡ። በሳምንቱ በደረሰው ርዕደ መሬት ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ንዝረት ሲሰማ ውጭ የማደር ልማድ የነበራቸው ቤተሰቦች በዚያች ሌሊት ተዘናግተው ቤት መቅረታቸውን የሟች ዘመዶች በችሎት ተናግረዋል። በ2012 ሰባት ሰዎች የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2014 ስድስቱ ሳይንቲስቶች በይግባኝ ነጻ ሲወጡ የምክትል ኃላፊው ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አለ። «ሳይንቲስቶች ባለመተንበያቸው ተቀጡ» የሚለው ወሬ በዓለም ቢዛመትም፣ የክሱ ጭብጥ ግን ያልተሟላ ግምገማና ሕዝብን ያዘናጋ መልእክት ነበር። እርስዎም «አይዟችሁ» ማለት አይጠበቅብዎትም፤ «ሸሹ» ማለትም እንዲሁ። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ቀጥለውም የሚያውቁትን ያካፍሉ፦ ብረት የሌለው የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ከእንጨትና ጭቃ ቤት የበለጠ እንደሚያሰጋ፣ ከአልጋ ራስ በላይ ከባድ ዕቃ እንዳይሰቀል፣ የአካባቢው አስተዳደር ልቀቁ ካለም እንዲለቁ።

ጥያቄ፦ በስምጥ ሸለቆ ለአንድ መንደር የቆፈርነው ጉድጓድ ብዙ ውሃ ሰጠ፤ የፍሎራይዱ መጠን ግን በሊትር 4 ሚሊግራም ሆነ። ኃላፊው የፍሰቱን መጠን ብቻ እንድጽፍ ይፈልጋል፤ ውሌም ምስጢር እንድጠብቅ ያስገድደኛል።

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ሚሊግራም ነው። በዚህ መጠን የሚገኝ ፍሎራይድ በጣዕም አይታወቅም፤ ውሃው ቢፈላም አይወገድም። ጉዳቱ በመጀመሪያ በልጆች ጥርስ፣ ከዓመታት በኋላም በአጥንት ላይ ይታያል። ቁጥሩን በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ የላቦራቶሪውን ውጤት አያይዘው ማጣሪያ እንዲተከል ወይም ሌላ ምንጭ እንዲፈለግ በጽሑፍ ያሳስቡ። ኃላፊው ከሰረዘው ፊርማዎን ይንፈጉና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። የምስጢር ግዴታ የኩባንያውን የንግድ መረጃ እንጂ የሰዎችን ጤና የሚነካ ነገርን ለመሸፈን አልተጻፈም።

ጥያቄ፦ ተቋራጩ ለፋሲካ በግ ላከልኝ።

መልስ፦ የክፍያ ሰርተፍኬቱን የሚያጸድቁት እርስዎ ከሆኑ ይመልሱት። ታርዶ ከሆነ ዋጋውን ይላኩለትና ነገሩን ለቅርብ አለቃዎ በጽሑፍ ያሳውቁ።