የማመልከቻ ክፍያው እንዳያስቀርሽ

አትተዪው። «ለእያንዳንዱ የአሜሪካ ኮሌጅ 75 ዶላር ከየት አመጣለሁ?» ላልሽው፣ ሳይከፈልም ማመልከት ይቻላል። ኮመን አፕ (በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጅ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ላይ ፕሮፋይልሽ ውስጥ «ፊ ዌቨር»፣ ማለትም ከክፍያ ነፃ መሆኛ፣ የሚል ክፍል አለ፣ እሱን ሙዪ። ከትምህርት ቤትሽ ማርክሽን የሚልክልሽ ሰው ያረጋግጥልሻል። ካልሰራ ለኮሌጁ የቅበላ ቢሮ ኢሜይል ጻፊ። የቤተሰብሽ ገቢ በብርና በዶላር፣ ክፍያው ይነሳልኝ፣ አበቃ። ሦስት መስመር ይበቃል፤ ማልቀስ አያስፈልግም።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የገንዘብ እርዳታ ፎርምም ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር ይጠይቃል። እዚያም ነፃ ኮድ ወይም ሌላ ፎርም ካላቸው ጠይቂያቸው።

ኮሌጅ ስትመርጪ፣ እርዳታ መጠየቅሽ የመግባት ዕድልሽን የማይቀንስባቸውን አስቀድሚ። ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ቦውዶይን ለውጭ አገር ተማሪም እንደዚያ ናቸው። መግባቱ ግን ከባድ ነው፣ በእነሱ ብቻ አትንጠልጠዪ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔን አቃጥሎኛል። ትራንስክሪፕቴ ላይ የልደት ቀኔ በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቴ ላይ በፈረንጅ ነበር። በወረቀት የሰባት ዓመት ልዩነት! የአያቴ ስም አጻጻፍም በአንድ ፊደል ይለያይ ነበር። ማስረዳቱ ሁለት ሳምንት በላብኝ፣ ያውም ማብቂያው ቀን ሲደርስ። ዛሬውኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው።