መልስ፦ ለላንድሮቨር ሲሪየስ 3 ካምቢዮ ጂኤል-5 የተባለው የማርሽ ዘይት ይሆናል ወይ?

የገዛኸውን ጂኤል-5 ካምቢዮው ውስጥ አትጨምረው። ሻጩ "80ደብሊው-90 ሁሉ አንድ ነው" ያለህ የውፍረቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ነው። የጂኤሉ ቁጥር ግን የዘይቱን የቅመም ደረጃ ነው የሚናገረው፤ ለአንተ የሚሆነው ጂኤል-4 የተባለው ነው።

በሲሪየስ 3 አራቱም የፊት ማርሾች ሲንክሮ (ማርሽ ስትቀይር የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስማማ ቀለበት) አላቸው። ቀለበቶቹ ደግሞ ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም በጣም የበዛ ነው። ዘይቱ ሲግል መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዛሬ ምንም አይታይህም። ቆይቶ ግን ማርሽ ስትቀይር መንጓጓት ይጀምርልሃል።

ዘይቱን ግን አትጣለው፤ ገንዘብህ ነው። ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል ይሆናል፣ እዚያ ሲንክሮ የለም።

ካምቢዮው 1.5 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከኋላው ያለው ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን) የራሱ ዘይት አለው፣ 2.5 ሊትር ገደማ። ብዙ ሰው ይረሳዋል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁምና በጎን ካለው የልክ ቡሎን ዘይቱ መንጠባጠብ እስኪጀምር ሙላ። ከዚያ በላይ አትጨምር፣ ትርፉ በጎሚኒው (ዘይት እንዳያፈስ በሚይዘው ላስቲክ) በኩል መውጣቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርህ። የታችኛውን የማፍሰሻ ቡሎን ከመንካትህ በፊት የመሙያውን ፍታ። እኔ በተቃራኒው አደረግኩ። ዘይቱ ሁሉ ፈሰሰ፣ የመሙያው ቡሎን ዝጎ አልፈታ አለ። መኪናዋ ባዶ ካምቢዮ ይዛ ሁለት ቀን ደጅ ቆመች። ቡሎኑ ካስቸገረህ ከዋዜማው ጀምረህ የዝገት ማላቀቂያ እየረጨህበት አሳድረው።