«ጎንደር ሆኜ የት ላገልግል?» ላልሽው እህቴ

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ አንዲት እህታችን ባለፈው ሐምሌ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ቤት ናት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሰው ማገልገል ትፈልጋለች። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ የሚመጣላት ግን ወይ ፈረንጅ ገንዘብ ከፍሎ ወደ እኛ አገር የሚመጣበት፣ ወይ እሷ ከፍላ ሌላ አገር የምትሄድበት ነው። «በገዛ አገሬ በነጻ ላገልግል ብል ቦታ ጠፋኝ። እኛ ዘንድ ይሄ ነገር የለም ማለት ነው?» ትላለች።

አለ እንጂ። ያላገኘሽው ስሙ ሌላ ስለሆነ ነው። የእድር ድንኳን የሚተክለውን ጎረምሳ፣ ለከተራ መንገድ የሚጠርገውንና ምንጣፍ የሚያነጥፈውን የሰፈር ልጅ፣ በረመዳን ለማታውቀው ሰው ማፍጠሪያ የምትሠራውን እናት «በጎ ፈቃደኛ ናችሁ?» ብትያቸው ግራ ይገባቸዋል። ድረ ገጽ የላቸውም፣ ማስታወቂያ አያወጡም። እነሱን በስልክ አታገኚያቸውም፤ በእግርሽ ሄደሽ፣ ጠይቀሽ ነው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አሥር ዓመት ገደማ ከሥራ ሰዓቴ ውጭ እዚህም እዚያም ስል ኖሬያለሁ። አንዳንዱ ተሳክቶልኛል፣ አንዳንዱ አሳፍሮኛል። ከሚያሳፍረው ብጀምር ይሻላል፣ ብዙ የተማርኩት ከእሱ ነውና።

በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይታወጃል። በየክፍለ ከተማው ያለው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይመዘግባል፤ መታወቂያሽን ይዘሽ ሰኔ ላይ ብትሄጂ በቂ ነው። የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገና፣ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳ የመሳሰለው ሁሉ እዚያ ይደለደላል። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት፤ የደረሰኝም የቤት ጥገና ነበር። ቤቱ የአንዲት እማሆይ ነው፣ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሠላሳ ሆነን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ሄድን። የዛገውን ቆርቆሮ በግማሽ ቀን አወረድነው። ማፍረስ ደስ ይላል፤ ፎቶ ላይም ያምራል። አዲሱን ቆርቆሮ እሰጣለሁ ያለው ሰው ግን «ነገ» አለ፣ «ከነገ ወዲያ» አለ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። የጎንደርን ሐምሌ ታውቂዋለሽ። ጣራ የሌለውን ግድግዳ ዝናቡ አጥቦ አጥቦ ማገሩን አወጣው። እማሆይ ጎረቤት ተጠግተው ከረሙ። የጨረስነው ጳጉሜ ላይ ነው፤ ከሠላሳው የቀረነው አምስት ነበርን፣ ቆርቆሮውንም ከየኪሳችንና ከሰፈሩ እድር አዋጥተን ገዛነው። እማሆይ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እንዲያውም ቆመው መረቁን። እስካሁን የሚከነክነኝ ያ ምርቃት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው፣ እንጨቱና ሚስማሩ ግቢ ውስጥ ተቆልሎ ካላየሁ ጣራ ላይ አልወጣም። ሌላም የገባኝ ነገር አለ፦ የክረምቱ አገልግሎት ቀኑ የተቆረጠው በተማሪ እረፍት ልክ ነው፤ ጭቃን ያማከረ የለም። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፣ ከተመረገ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። በሐምሌ የመረግሽው ግድግዳ አይደርቅልሽም፤ ነሐሴ ሳያልቅ ይወርዳል። ስለዚህ ክረምት ላይ የሚያፈስ ጣራ መድፈን፣ ምርጊቱን ለጥቅምትና ለኅዳር ማቆየት ነው። ችግሩ ጥቅምት ላይ ቲሸርቱም የለም፣ ባነሩም የለም፣ ሠላሳውም ሰው ትምህርቱ ላይ ነው።

እህቴ፣ እኔ አሁን ቦታ የምመርጠው በዚህ ነው፦ ጥቅምት ላይ ሰው የሚጎድለው የት ነው? እኔ አንድ ቅዳሜ ብቀር የሚያስተውል ሰው አለ? ከሌለ፣ እዚያ ያለሁት ለራሴ ነው ማለት ነው።

ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ በብዛት ያለሁት ሆስፒታል ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከመተማ፣ ከአርማጭሆ፣ ከስሜን በኩል የሚመጣ ሕመምተኛ ይጎርፍበታል። ከእነዚህ መካከል ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ወርደው ካላዛር ይዟቸው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አሉ። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ነው፤ ካልታከሙት ይገድላል። ዩኒቨርሲቲው ለዚሁ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። የተለመደው የመርፌ ሕክምና ብቻ 17 ቀን ይፈጃል። አስቢው፣ ከደጋ ወርዶ ቆላ ለሥራ የሄደ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ የማያውቀው፣ 17 ቀን አልጋ ላይ!

እኛ አገር አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ምን እንደሚሆን የተኛ ያውቀዋል። ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ መሮጥ፣ ልብስ ማጠብ፣ የሚበላ ማምጣት፣ ሁሉም በአስታማሚ እግር ነው። እኛ አስታማሚ ለሌለው አስታማሚ እንሆናለን፤ ሥራው በቃ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ሳምንት ሙሉ ከማንም ሳይነጋገር ተኝቶ አገኘነው፤ ዘመድ የለኝም ይላል ተባልን። ለካ የስልኩ ባትሪ አልቆ፣ ቻርጀር ማንን ልጠይቅ ብሎ አፍሮ ነው። ስልኩ በተከፈተ በማግስቱ እናቱ ደረሱ። ያን ቀን የሰጠሁት አገልግሎት ቻርጀር ማዋስ ነበር።

ግን ብድግ ብለሽ ክፍል ውስጥ አትግቢ። አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ወይ ፈቃድ ካለው ማኅበር ጋር ትገቢያለሽ፣ ወይ ለአስተዳደሩ ማመልከቻ አስገብተሽ ትጠብቂያለሽ። ነርሷን ሳትጠይቂ ለማንም ምግብ አትስጪ፤ ለምርመራ ጾም እንዲያድር የታዘዘ ሊኖር ይችላል። «ምንህን ነው ያመመህ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሲፈልግ ራሱ ይነግርሻል። ፎቶ ማንሳትን አላነሳውም፣ ከአንቺ አልጠብቀውምና።

የመጀመሪያ ሳምንትሽን ግን ቀይ መስቀል ብታደርጊው እመርጣለሁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 የተመሠረተ ነው፤ እዚህም ቅርንጫፍ አለው፣ በጎ ፈቃደኛ ይመዘግባል፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታም ያሠለጥናል። በ2012 ጥምቀት ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው የሞተ ጊዜ እኔ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚነሳ እንኳ አላውቅም ነበር። የወደቀን ሰው ዝም ብሎ ጎትቶ ማንሳት አከርካሪውን ሊጎዳው እንደሚችል የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በየዓመቱ በሚሰበሰብበት ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ሳናውቅ መቆየታችን አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ስለ እምቦጭ የጠየቀ ወንድምም ስላለ እግረ መንገዴን ልመልስለት። አረሙ ጣና ላይ በ2004 ገደማ ሲታይ አንደኛው ቦታ የእኛው መገጭ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት አካባቢ ነበር። በጥቅምት 2013 የአንድ ወር ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ከጎንደር በአውቶቡስ ወደ ደምቢያ ከወረዱት አንዱ እኔ ነኝ። ገበሬዎቹ ከንጋት ጀምሮ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ እኛ ረፋዱ ላይ ደርሰን፣ ሁለት ሰዓት ነቅለን፣ ምሳ በላን። አንድ አዛውንት ሳቅ እያሉ «ልጆቼ፣ እናንተ ስትመለሱ እሱም ይመለሳል» አሉን። ልክ ናቸው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። ብትሄድ አበባው ዘር ሳይጥል ሂድ፣ የነቀልከውን ከዳርቻው አርቀህ እንዲደርቅ ከምረው፤ ዳር ላይ ከተውከው የሚቀጥለው ሙላት መልሶ ይወስደዋል። ቦት ጫማ አድርግ፤ አልቅቱ ይቅርና ቢልሃርዝያ አለ። የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቅ፣ የባለፈውን ወር ወሬ ይዘህ አትውጣ።

ደም መለገስ ጊዜ አይወስድም። ዕድሜሽ 18 ከሞላ፣ ክብደትሽ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤነኛ ከሆንሽ በየሦስት ወሩ ትሰጫለሽ። ከተማችን ደም ባንክ አለው። ደም የሚፈሳት ወላድ ክረምት እስኪመጣ አትጠብቅም፤ ስለዚህ ቀኑን በካላንደር ላይ ምልክት አድርጊበት።

ከጎንደር ወጥተሽ ሌላ አካባቢ ማየት ካማረሽ፣ ሰላም ሚኒስቴር ከ2013 ጀምሮ «በጎነት ለአብሮነት» በሚል ወጣቶችን እያሠለጠነ ከመጡበት ክልል ወደ ሌላ ክልል የሚያሰማራበት ፕሮግራም ነበረው። ማስታወቂያ ሲወጣ ተከታተዪ። ይህን ለአባቴ ስነግረው «ዘመቻ ነው?» አለኝ። የ1967ቱ እድገት በኅብረት ዘማች ነው። «ፈቃድ ነው» ስለው «እኛም ስንዘምት እየዘፈንን ነው የሄድነው» ብሎ ዝም አለ። የዚያ ዘመን ሰው ቤት ሄደሽ በጎ ፈቃድ ምናምን ከምትዪ «ልረዳዎት መጥቼ ነው» ብትዪ ይቀልሻል።

አሁን የኪስ ነገር። ለመመዝገቢያ ክፈይ ከሚልሽ ራቂ። እኔ ስሙን ከማልጠራው አንድ ማኅበር ጋር ለመታወቂያ፣ ለቲሸርት፣ ለ«ሥልጠና» እያልኩ ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ፤ አገልግሎቱ አንድ ቀን ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሳት ነበር። ችግኙን ማን እንዳጠጣው አላውቅም፤ የደረቀ ይመስለኛል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተቋቋመ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አለ፤ ድርጅት ነኝ ያለሽን «ምዝገባችሁን አሳዩኝ» በይው። የሰፈር እድርና የጽዋ ማኅበር እንኳ ይህ አይመለከተውም፤ እነሱን የምታጣሪው ጎረቤት ጠይቀሽ ነው። የምስክር ወረቀት ለሥራ ፍለጋ ብትፈልጊ ነውር የለበትም፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ተናገሪው፣ በስድስተኛው ወር ድንገት ስትጠይቂ ነው ሰው የሚቀየመው።

«ኮምፒውተር ተምሬ ምን ልሥራላቸው?» ብለሻል። እኔ ከሠራሁት ሁሉ እድሬን የጠቀመው በወር አንድ እሁድ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ መዝገቡን ማስተካከሌ ነው። ጸሐፊው ጋሼ የሃያ ዓመት መዋጮ በአራት ደብተር ይዘውት ነበር፣ አንዱን አይጥ በልቶት። ግን መጀመሪያ ቀን ላፕቶፕ ይዤ ብሄድ ኖሮ ያባርሩኝ ነበር። ሦስት ወር ወንበር ተሸከምኩ፣ ለቀስተኛ ውሃ አስታጠብኩ፤ በአራተኛው ወር «አንተ ሒሳብ ትችላለህ አሉ፣ እስቲ ይቺን እያት» ብለው ራሳቸው ደብተሩን ሰጡኝ። ለማዛወር ብቻ ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ በሁለት ወር ትጨርሺዋለሽ፤ ሆኖም ወንበሩን ቀድመሽ ተሸከሚ። ደብተሩንም አታስጥያቸው። መብራት ይጠፋል፣ ደብተር አይጠፋም፤ አይጥ ካልበላው በቀር።

በሳምንት ሁለት ቀን ያልሽውንም አንድ ብታደርጊው ይሻላል። ሥራ ስታገኚ ሁለቱንም ከምትተዪ አንዱን ይዘሽ ትቀጥያለሽ።

እኛ ጥቅምት ላይ ሁለት ቤት ምርጊት አለን፣ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ማራኪ አካባቢ። ጭዱ ተገዝቷል፣ ቆርቆሮውም ግቢ ውስጥ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እስካሁን ሰባት ሰው ነን። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቀኑን እነግርሻለሁ። የሚበላሽ ልብስ ልበሺ፤ ባልዲ ካለሽም ይዘሽ ነይ፣ ሁልጊዜ የሚያንሰን ባልዲ ነው።